ለአሰልጣኙ የተነፋው ጡሩምባ

ከአሰልጣኙ ጋር ሰላምታ ካቆምን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ነበር። ሀና ማርያም ትንሽ ሰፈር አይደለችም፤ ቢሆንም በአንድ ዳገት የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሳይተያይ አይውልም። እሱ ከታች ሲመጣ እኔ የሱቅ መስኮት አያለሁ፤ እኔ ከላይ ስወርድ እሱ ስልኩን አውጥቶ ይነካካል። ሁለታችንም ለምደነው ነበር።

ምክንያቱ ትንሹ ልጄ ነው። ልጄ በጉርምስናው በሰፈራችን ቡድን ሊጫወት ተመዘገበ። ማሊያ ለበሰ፣ ፎቶ ተነሳ፣ እኔም ፎቶውን አሳጥቤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። የክረምቱ ውድድር ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አሰልጣኙ ከዝርዝሩ አወጣው። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ «ልጄን በደለው» እያልኩ ኖርኩ። ገበያ ላይም፣ ማኅበር ላይም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም ብያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የማወራውን የሚያነብ ሰው ለአሰልጣኙ የማደላበት አንድም ምክንያት እንዳልነበረኝ እንዲያውቅ ነው።

የዕድራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ የዕድር ቤቱም ቁልፍ በእኔ እጅ ነው ያለው። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ብተውም የዕድሩን ደንብ ከጸሐፊው ይልቅ አውቀዋለሁ፤ ሲጻፍ እዚያው ቁጭ ብዬ ስለተከራከርኩ። ከተከራከርኩባቸው ነገሮች አንዱ የጡሩምባው ነገር ነበር። ድሮ ጡሩምባ ነፊው እየዞረ «እገሌ ሞተ» ብሎ ይጠራ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን የወንድሟን ሞት እንዲያ ሰምታ በሯ ላይ ወደቀች፤ ጥርሷም ተሰበረ። መርዶ ተቀምጦ፣ ሰው ተይዞ ነው የሚነገረው አልኩ። ነፊው «ሞተ» የሚለውን ቃል አይጥራ፤ ነገሩ የማን እንደሆነና የት እንደምንገናኝ ብቻ ይናገር፤ ሰው የቀረውን ራሱ ይረዳዋል አልኩ። ተስማሙና ደንብ ሆነ። ጡሩምባው ለሞት ብቻ እንዲነፋ፣ ለስብሰባና ለጽዳት ደግሞ በባትሪ የሚሠራው ሜጋፎን እንዲሆን ተወሰነ።

ሜዳችን ከዕድር ቤቱ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ አጠገብ ነው። በሜዳው ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፤ የቡድኑ ናት። መረቡና ኳሶቹ እዚያ ይቀመጣሉ፤ አሰልጣኙም ከሚስቱ ጋር እዚያ ይኖራል። ደሞዝ አይከፈለውም፣ ደሞዙ ክፍሏ ናት። ቀን ለቡ ውስጥ በሚሠሩት ፎቆች ላይ ቀለም ይቀባል፣ ከሥራ ሲመለስ ያሠለጥናል። ዛሬ የአንድ ክፍል ኪራይ ምን ያህል እንደደረሰ የማያውቅ የለም። አሰልጣኝነቱን ያጣ ዕለት መጠለያውንም እንደሚያጣ ሜዳ ዳር የሚቆመው ሁሉ ያውቅ ነበር። አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ከውድድሩ በፊት ደጋፊው ለዝውውር ብሎ ገንዘብ አዋጣ። በእኛ ሰፈር ዝውውር ማለት ከሌላ ሰፈር ተጫዋች ማስኮብለል ነው። ለታኬታህ፣ ለታክሲህ እየተባለ የሚሰጥ ነገር አለ፤ ያለዚያ የሚመጣ የለም። እኔም አዋጣሁ፤ አሰልጣኙን ባኮርፍም ቡድኑ የሰፈሬ ነው። ደጋፊው የፈለገው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የሚጫወት አንድ አጥቂ ነበር። ልጁ ጎል ያገባል፣ ያገባውንም ጎል ለሰው ሁሉ በቁጥር ይነግራል። የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ትንሽ ሆነ። አሰልጣኙ ገንዘቡን አይቶ «ይኼ የልጁን ግራ እግር ብቻ ነው የሚያመጣው» አለ ተብሎ ተወራ።

ውድድሩ ሲጀመር ሜዳ ወጥተን ብናይ አንድም አዲስ ፊት የለም። ሲጣራ ሁለቱ ተከላካዮቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ሊሄዱ ተነጋግረው ጨርሰው ኖሯል፤ አሰልጣኙ የዝውውሩን ገንዘብ ለእነሱ ሰጥቶ አስቀራቸው።

«በገዛ ገንዘባችን የራሳችንን ሰው መልሰን ገዛን» ይል ነበር የሚኒባስ ሹፌሩ። ይህ ሹፌር ከለቡ ሀይሌ ጋርመንት የሚመላለስ፣ ድምፁ ከረዳቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ለቡድኑ ከማንም በላይ ያዋጣል፤ ተጫዋቾቹንም ለጨዋታ በነፃ ያመላልሳል። ውሸታም አይደለም። ሲናደድ ግን ማቆሚያው ይጠፋበታል።

አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። አምስቱንም አንድ ለባዶ። እንደዚያ ዓይነት ሽንፈት ያደክማል፤ ብዙ ቢገባብህ ስቀህ ትሄዳለህ። በአምስተኛው ጨዋታ ቀን ዝናብ እየመታን ሜዳ ዳር ቆመን ክርክሩ ጦፈ።

«ተከላካዮቹ ባይኖሩ አምስት ለባዶ ነበር» አለው አንዱ ለሹፌሩ።

«አንድም ቢገባብህ አምስትም ቢገባብህ ነጥቡ ያው ባዶ ነው አይደል?»

«ገንዘብ ሳትሰጠው ምን ይፍጠርልህ?»

«የሰጠነውንስ ምን አደረገው?»

«እንግሊዝ አገር ቢሆን ይህን ጊዜ ተባሮ ነበር» አለ ሌላው።

«እንግሊዝ አገር ሲያባርሩ ካሳ ይከፍላሉ። እኛ ምን እንሰጠዋለን? የተቀደደውን መረብ?»

ሳቁ። አሰልጣኙ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ኳሶቹን በጆንያ እየሰበሰበ ነበር፤ ቀና አላለም። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ አልዋሽም።

ከዚያ በኋላ በመጣው፣ ጨዋታ ባልነበረበት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ተነፋ። እንደ ልማዴ ተነስቼ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ነፊው በእኔ በአሮጊቷ ዕድሜ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ድምፁ ቢሰልም ቃሉ ጥርት ያለ ነው፣ ጆሮዬም ደህና ነው። አንድ በአንድ ሰማሁት። «የኳስ አሰልጣኛችንን ነገር በተመለከተ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በዕድር ቤት እንድትገኙ።»

የበሩን መቃን ያዝኩ። አሰልጣኙ ሞተ ማለት ነው። ያልተጠራው «ሞተ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እንዳይጠራ ያስደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የተባለው ቀብሩ መሆኑ ነው። ከላይ ሠፈር ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሲወርዱ አየሁ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

ሁለት ጎረቤቶቼን ቀስቅሼ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን በእጅ ጋሪ አስጫንኩ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር፤ እነሱ ጋሪውን ወደ ኋላ እየጎተቱ፣ እኔ ከኋላ ጉልበቴን እየያዝኩ ወረድን። በመንገድ ላይ ያሰብኩትን ያን ዕለት ለማንም አልተናገርኩም። «እንደምን አደርክ» ያላልኩትን ሰው «ነፍስ ይማር» ልለው እየሄድኩ ነበር። ከዚያ ተናደድኩ። ሳይታረቀኝ በመሞቱ በእሱ ተናደድኩ፤ ሆን ብሎ ያደረገው መሰለኝ።

ስንደርስ አምስት ስድስት ሴቶች ክፍሏ በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። ገና ለቅሶው ሳይጠና በሩ ተከፈተና አሰልጣኙ ወጣ። ፊቱ ላይ ሳሙና፣ ትከሻው ላይ ጋቢ፣ አንድ እግሩ ላይ ጫማ አለ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ። «ጡሩምባውን ሰምቼ፣ ለቅሶ ልደርስ እየተጣጠብኩ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አንስታ «አንተ ነሃ» አለችው።

«እኔ?»

«አንተ።»

ሚስቱ ከኋላው ብቅ አለች። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኛን አየችና «ሌላውን ጫማህን አድርግ፣ ብርድ ነው» አለችው። እሱ ጋሪውን አየ፤ የድንኳኑን ምሰሶዎች አየ፤ መጨረሻ ላይ እኔን አየ።

«እማማ፣ እርስዎም መጡ?»

«ዕቃ ጠባቂ ነኝ። ሥራዬ ነው» አልኩት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

ይህን ጊዜ ነፊው እያለከለከ ደረሰ። ሰው ወደ ሜዳው ሲጎርፍ አይቶ ግራ ገብቶት ነው የመጣው። ያዝኩትና ጠየቅሁት። ትናንት የሚኒባስ ሹፌሩ መጥቶ፣ ነገ የደጋፊ ስብሰባ አለ፣ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር በደንብ አዳርስ ብሎታል። የሜጋፎኑ ባትሪ አልቋል። ሰው እንዳይቀርበት ብሎ ጡሩምባውን አነሳ።

«ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?» አለ አሰልጣኙ።

ነፊው መሬት መሬት አየ። «ይውጣ፣ ይቆይ የሚል ነው… ይህ ለአንተ መች ይጠፋሃል ልጄ።»

«ለእኔ የነገረኝ የለም።» ሳሙናው ፊቱ ላይ ደርቆ ነበር። «የሰማሁት አሁን ነው፤ ያውም ሞቼ።»

አንዷ ሴት «እንኳን አልሞትክ» ብላ ጉንጩን ሳመችውና ሳሙናውን በነጠላዋ ከአፏ ጠረገች። ሌላዋ «ካልሞትክማ ልሂድ፣ ልጆቹን ቁርስ ሳላበላ ነው የመጣሁት» ብላ ዞራ ሄደች። ነፊውን ልቆጣው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ሞተ አትበል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለኝ። እሱም ልክ ነው። ጡሩምባውን ያለ ሞት በመንፋቱ አጥፍቷል፤ ሰው የሰማውን እንዲያ የተረዳው ግን በእኔ ደንብ ነው። ለሁለት አጠፋን ብዬ ተውኩት።

ሴቶቹ የለቅሶ ድንኳን በሕይወት ላለ ሰው በር ከመጣ በመጣበት መንገድ አይመለስ አሉ። በዚያ በዝናብ በወንዙ በኩል ዞረን፣ ዳገቱን በረጅሙ ወጣን። ሁለቱ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ጋሪ ግፉ ስላቸው «ሰውየው መሞቱን አይተሻል?» ይሉኛል።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ቁልፍ ሊጠይቅ ቤቴ መጣ። ስለ ጠዋቱ ሰምቶ አፍሯል፤ ከበሩ አልገባም።

«ማዘር፣ ለነገ የዕድር ቤቱን ቁልፍ ፈልገን ነበር።»

«አገር ጠርተህ ከጨረስክ በኋላ ነው ቁልፍ የሚጠየቀው?»

«ይፈቅዳሉ ብዬ ነው።»

«እፈቅዳለሁ። ግን እሱም ይቀመጣል። በዚያ ቤት ውስጥ ያልተሰማ ሰው አይፈረድበትም።»

«ኧረ ማዘር፣ ይኼ እኮ የዕድር ጉዳይ አይደለም፣ የኳስ ነው።»

«ቤቱ የዕድር ነው።»

«እኛ እርስዎ ከእኛ ጋር ነዎት ብለን ነበር። በልጅዎ ነገር» አለኝ።

«እኔ ከቁልፉ ጋር ነኝ» አልኩት። አሰልጣኙን ወድጄው አይደለም። ሰው መባረሩን ከጡሩምባ መስማት የለበትም፤ ለማንም ቢሆን እንዲሁ እል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሞላ። ሰብሳቢው ልኳንዳ ቤት ያለው የደጋፊው ሊቀ መንበር ነበር፤ ጸጥተኛ፣ ከሁሉም ጋር መስማማት የሚወድ ሰው። አሰልጣኙ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የፊት አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀመጠ፤ አጠገቡ የተቀመጠ አልነበረም። ቦታ እያለ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ሹፌሩ ቀድሞ ተነሳ። ለአጥቂ የተዋጣው ገንዘብ ለተከላካይ መዋሉን፣ አምስቱን ሽንፈት፣ ሁሉንም ሜዳ ዳር ሲለው የነበረውን አለ። ብዙዎች አጉረመረሙለት። ከዚያ አሰልጣኙ ቆመ። ንግግር አያውቅበትም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሁለቱ ተከላካዮች ሊሄዱ ነበር» አለ። «አጥቂውን ባመጣ ከኋላ ማን ይቆማል? በረኛው ብቻውን? የነበረው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው። ወይ ጎል ታገባለህ፣ ወይ ጎል አይበዛብህም። እኔ እንዳይበዛብን መረጥኩ። ሁለቱንም የሚችል ገንዘብ ቢኖር ሁለቱንም አደርግ ነበር።»

«ማንን ጠይቀህ?» አለው ሹፌሩ።

አሰልጣኙ ሰብሳቢውን አየው። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ያያል።

«መልስ እንጂ፣ ማንን ጠይቀህ?»

«ጠይቄአለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሰብሳቢው አንገቱን ሲደፋ አየሁ። ተቀምጬ ነበር፣ ተነሳሁ። «አንተ፣ ይኼ ሰው ጠይቆሃል ወይ?»

«እማማ፣ በስልክ ነው፣ ያን ጊዜ ሥጋ እየቆረጥኩ…»

«ጠይቆሃል?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«እንደመሰለህ አድርግ አልኩት።»

ቤቱ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ «ዝውውራችንን በሥጋ ቢላዋ ነው እንዴ የምትፈርመው?» አለና ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢው ይቅርታ የሚመስል ነገር አለ። እኔ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጠይቆ ያደረገ ሰው ምን ጥፋት አለበት?

ሹፌሩ ግን አልተቀመጠም። አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «እሺ፣ ጠይቋል። ገንዘቡ ትንሽ መሆኑም እውነት ነው፣ እኔ ራሴ ሰብስቤዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። እኔ ሌባ ነው አላልኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬን አቁሜ፣ መኪናውን አቁሜ መጥቼ ሽንፈት አያለሁ። ሰለቸኝ። ገንዘብ ከየትም አይመጣም። ሊለወጥ የሚችለው ሰው ብቻ ነው።»

ደጋፊው አሰልጣኙን ጠልቶት አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። የደከመው ሰው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ነው የሚገፋው።

«ሌላ አሰልጣኝ አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አለ» አለ ሹፌሩ። «የአክስቴ ልጅ ነው። ኮርስ ወስዷል።»

«ክፍሏስ?»

አሰልጣኙ ብቻ ቀና አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ክፍሏ ቃል ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ያው፣ የአሰልጣኙ ናት» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። «አሰልጣኝ የሆነው ይገባባታል።»

የዕድራችን ደንብ ላይ እጅ ሲወጣ ነገሩ የሚነካው ሰው ከቤት ይውጣ የሚል አለ። ለተቃጠለ ቤት ስንረዳም፣ የተጣላ ስንዳኝም እንዲሁ ነው። ይህንን ነገርኳቸው። «አሰልጣኙ ይውጣ። አንተም ውጣ» አልኩት ሹፌሩን፤ «ቤቱ ለዘመድህ ነው።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። «ልክ ነው፣ እወጣለሁ» ብሎ ጃኬቱን አነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ማዘርስ? አሥራ አንድ ዓመት ያላናገሩትን ሰው እጅ ሊያወጡበት ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እጄን ላወጣ ያሰብኩት ይቆይ ለሚለው ነበር። ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ፣ ደንቡ ላይ ነገሩ የሚጠቅመው ሰው ብቻ ይውጣ የሚል አልተጻፈም፤ ቂም ያለበትንም ይነካል። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ስወጣ ጉልበቴ ተንቋቋ፤ በዚያ ጸጥታ ሁሉም የሰሙት ይመስለኛል።

ውጪ ያለው አግዳሚ አንድ ነው። አሰልጣኙ አንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ሹፌሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ፤ ለእኔ የቀረው መሃሉ ነበር። ተቀመጥኩ። ካፊያ ይጥላል። ከውስጥ ጉምጉምታ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም።

«ልጄን ለምን አወጣኸው?» አልኩት።

አሰልጣኙ ደነገጠ። «አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አሁን ነው።»

«ቀርፋፋ ነበር፣ እማማ።»

«ቀርፋፋ?»

«በጣም። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አይወጣውም። ኳስ ሲያቀብሉት ግን መጀመሪያ አመስግኖ ነው የሚመታው።»

ሹፌሩ በወዲያ በኩል ሳቁን ሊውጥ ሞከረና አልቻለም። «እውነቱን ነው ማዘር። አብረን ነው የተጫወትነው፤ እሱ ኳሱ ጋ እስኪደርስ እኛ ማሊያ ቀይረን እንወጣ ነበር።»

ልቆጣ ፈለግሁ። ግን ልጄን እኔ ወልጄዋለሁ። አሁን ሀይሌ ጋርመንት ሱቅ አለው፤ ደንበኛ የሚወደው ስለማይቸኩል ነው። ማለዳ እመጣለሁ ያለ ቀን ምሳ ሰዓት ነው የሚደርሰው።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

አልጠየቅሁትም ነበር። ለገበያው ነግሬ፣ ለማኅበሩ ነግሬ፣ ለታክሲ ሰልፈኛው ነግሬ፣ አንድም ቀን እሱ በር ሄጄ ለምን አላልኩም። ሹፌሩ እኔን አልፎ አጎንብሶ «በአንተ ላይ ክፉ ነገር የለኝም» አለው።

«አውቃለሁ» አለ አሰልጣኙ።

«መሸነፍ ሰልችቶኝ ነው።»

«እኔም ሰልችቶኛል።»

በሩ ተከፈተና ሰብሳቢው ወጣ። ከፊቱ አስቀድመን አወቅን። ይውጣ ያለው በሁለት እጅ በልጦ ነበር። እኔ ውስጥ ብሆን ሹፌሩም ውስጥ ይሆን ነበር፤ የእኔ እጅ የእሱን ያጣፋል፤ ልዩነቱ ያው ሁለት እጅ ነው። ይህን ደጋግሜ አሰብኩት፤ ራሴን ላጽናናበት። አላጽናናኝም።

አሰልጣኙ ተነስቶ የሰብሳቢውን እጅ ጨበጠ። «ክፍሏን መቼ ልልቀቅ?» አለ። ስለ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

«እንግዲህ… በዚህ ሳምንት ብትችል» አለ ሰብሳቢው። ሹፌሩ ዘመዱ ዕቃ ማዘጋጀቱን ተናገረ። አሰልጣኙ አንገቱን ነቀነቀ። ሚስቱን ዝናብ ላይ ሊያወጣት እየተስማማ እንደሆነ እሱ ራሱ የገባው አልመሰለኝም።

ከአግዳሚው ለመነሳት የሹፌሩን ትከሻ መያዝ ነበረብኝ። «ስለ ክፍሏ እጅ ወጥቷል?» አልኩ።

«አልወጣም እማማ፣ ግን ያው አብሮ የሚሄድ ነገር ነው።»

«ያው አይደለም። የተጠራችሁት ስለ ማሠልጠን ነው፣ እጅ ያወጣችሁትም ስለ ማሠልጠን ነው። ሰው ከቤት ስለ ማስወጣት መነጋገር ከፈለጋችሁ ሌላ ስብሰባ ጥሩ። ቁልፍ የምሰጣችሁ ግን ለእሱም ለሚስቱም አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ ለሜጋፎኑም ባትሪ ተገዝቶለት ነው።»

ሰብሳቢው ሹፌሩን አየ። ሹፌሩ ሰማዩን አየና አገጩን አከከ። ለማንም ሳይናገር፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «በክረምትማ ሰው አይወጣም» አለ። እስከ መስቀል ማግስት እንዲቆዩ እዚያው በር ላይ ተስማማን። ያገኘሁለት ይኸው ነው። ብዙ አይደለም፤ ዝናቡን ግን አሳለፈለት።

አዲሱ አሰልጣኝ ቡድኑን በቀሩት ጨዋታዎች አሠለጠነ። አንዱን አቻ ወጣን፣ የቀሩትን ተሸነፍን፤ እሱም ገንዘብ አልነበረውም። ሹፌሩ አሁን ሜዳ ዳር ቆሞ «ሰውየው ምን ያድርግ፣ ገንዘብ ስጡትና እዩት» ይላል። ይህን ከእሱ አፍ ስሰማ ልመልስለት አስባለሁ፤ ከዚያ ይደክመኛል።

አሰልጣኙና ሚስቱ ከመስቀል በኋላ ከለቡ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ባለ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ሄዱ። ሲወጡ ሄጄ ተሰናበትኳቸው። ሚስቱ አቀፈችኝ፤ እሱ «ይጠይቁን እንጂ» አለኝ። አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ ነው፤ ለእኔ ጉልበት ሩቅ ነው። እሱ ሥራ ላይ ነበርና አላገኘሁትም። ኳስ ማየት ትቷል አለችኝ ሚስቱ።

ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሜዳው በኩል አለፍኩ። የአዲሱ አሰልጣኝ ሚስት ሕፃን አዝላ ክፍሏ በር ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዝም ብዬ ላልፍ እግሬ ፈጠነ፤ ከዚያ ቆምኩ። እሷ ምን አደረገች? እጅ አላወጣች፣ ማንንም አላስወጣች። ሰላም አልኳት። ገና ማንንም ያላወቀች ልጅ ናት፤ ደስ አላት። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በርሜል ከየት እንደሚገዛ ጠየቀችኝ፤ እሱንም ነገርኳት።

«ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ለምን ለቀቁ?» አለችኝ፣ የሕፃኑን ልብስ እየጨመቀች። «ቤቷ ችግር አላት እንዴ?»

ባሏ ምንም አልነገራትም ማለት ነው። ሹፌሩም አልነገራትም። ይህች ክፍል እንዴት እንደምትገኝና እንዴት እንደምትታጣ ማወቅ ለእሷም የሚገባት መሰለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። እየሰማች ልብሱን አንድ በአንድ ሰቀለች፤ ወደ መጨረሻው ግን እጇ እየዘገየ ሄደ።